ከብረት አጥሩ በስተግራ

ማክሰኞ 6

ዛሬም ማዳመጫው ጉድ ሠራኝ። ታክሲ ፈልጎ የሚደውለው ሁሉ አፉ ውስጥ ጥጥ ይዞ የሚያወራ ይመስላል። አንዲት እናት ሲደውሉ ደጋግሜ «ይቅርታ እመቤቴ፣ አልሰማሁዎትም» አልኳቸው። በመጨረሻ «ልጄ፣ በእግሬ ብሄድ እስካሁን ደርሼ ነበር» ብለው ዘጉብኝ።

አለቃችንን ማዳመጫ እንዲቀይርልኝ ጠየቅሁት። «በቅርቡ ነው እኮ የተቀየረልሽ» አለኝ። ቢሆንስ? አዲስ ዕቃ አይበላሽም?

ዝናቡም አለ። እንዲህ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማን ምን ይሰማል? አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ግን ትሰማለች። እሷ ደግሞ ገና ልጅ ናት።

ቤት ስገባ እማዬ አኩርፋለች። «ስጠራሽ ስጠራሽ ዝም ትያለሽ?» አለች። ሐሳብ ይዞኝ ነው አልኳት።

ቅዳሜ ኮንሰርት አለ። እስከዚያ መቻል ነው።

ቅዳሜ 10፣ ማታ

አሁን ከኮንሰርቱ አዳራሽ ቤት ገባሁ። ጫማዬ ረጥቧል፣ ጉሮሮዬ ተዘግቷል፣ ደስ ብሎኛል።

አዳራሹ የድሮ ሲኒማ ቤት ነው። ጎረቤት ስለሚያማርር ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ሳይመሽ ያልቃል። የምንወደው የሙዚቃ ባንድ ክረምቱን በሙሉ ቅዳሜን እያሰለሰ ይጫወታል። እኛም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያው ቦታ ነን፦ ከመድረኩ ፊት ያለው የብረት አጥር፣ በስተግራ ጫፍ፣ ትልቁ ድምፅ ማጉያ ሥር። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሕዝቡ ከኋላ ሲገፋ ልታፈን ደርሼ ነበር። ወገቤን ይዞ ብድግ አድርጎ አጥሩ ላይ ያስቀመጠኝ ሰው ዝሆን ነው። ትክክለኛ ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም።

አራት ነን። ዝሆን ከኋላችን ቆሞ ግፊያውን በጀርባው ይመልሳል። ጎማ ቀጭን ነው፤ የመጀመሪያው ጊታር ከተመታ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሲነጥር ነው። እትዬ ከሁላችንም ትልቅ ናት፤ ጸጉሯ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል፤ ቦርሳዋ ከረሜላና ፎጣ አያጣም። መጀመሪያ ሰሞን አንቱ ስንላት «አንቱ ካላችሁኝ ወንበር አምጡልኝ» ብላ ከለከለችን። እኔ ፊሽካ ነኝ፤ በሁለት ጣቴ ስለማፏጭ ነው።

ማን ምን ሠርቶ እንደሚያድር አንጠያየቅም። ስንገናኝ የምንባባለው «ዛሬ በየትኛው ይጀምራሉ?» ብቻ ነው። እማዬ «የማታውቂያቸው ሰዎች» ነው የምትላቸው። እውነቷን ነው። ግን ሳምንቱን ሙሉ ስልክ ሳነሳ ውዬ፣ እዚያ አጥር ላይ እጄን ሳሳርፍ፣ ሦስቱም ገና ሳልናገር ፈቀቅ ብለው ቦታ ይለቁልኛል። ይኼን ምን እንደሚሉት አላውቅም።

ዛሬ የዘፋኙ ድምፅ የታፈነ መሰለኝ። ጉንፋን ይዞት ይሆናል።

እትዬ ደግሞ ዘንድሮ ቦታ ቀይራለች። ድሮ በግራዬ ነበረች፤ አሁን በቀኜ ነው የምትቆመው። «ምነው?» ስላት «ከዚህ ሆኜ ቤዝ ጊታሩን የሚመታው ልጅ በደንብ ይታየኛል» አለች። ልጁ የሚቆመው በግራ በኩል ነው።

ረቡዕ 14፣ ምሳ ሰዓት

ቶሎ ልጻፈው። ባንክ የተባለውን ፓርክ ብዬ መኪና ላክሁ። ሾፌሩ ዛፍ ሥር ቆሞ ደወለና «እዚህ ያለው አንድ ውሻ ብቻ ነው፤ ላሳፍረው?» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ባልደረባዬ አልሳቀችም።

ሰኞ 19

ማዳመጫው ተቀየረ። ያው ነው። ከፋብሪካው ነው ችግሩ።

ቅዳሜ 24

አዳራሹ ውስጥ ያለው የድምፅ ባለሙያ መለወጥ አለበት። በዕረፍቱ ሰዓት ሄጄ አናገርኩት። «ወንድሜ፣ ከበሮውን ቀንስና የዘፋኙን ጨምርልን። ግጥሙ አይሰማም» አልኩት።

«እህቴ፣ ሌላ ሰው አላማረረም እኮ» አለኝ።

ጎማን ምስክር ላደርገው ዞር ስል ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ እያሰረ ነው። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

ሰው ሁሉ ደግሞ መነካካት ጀምሯል። ዝሆን ሊያወራኝ ሲፈልግ መጀመሪያ ትከሻዬን መታ መታ ያደርግና ዞሮ መጥቶ ፊት ለፊቴ ነው የሚናገረው። ጎማ ደግሞ ጆሮ የሚደፍኑበት ስፖንጅ ሰጠኝ። «ሳላስበው ሁለት ፓኮ ገዝቼ» አለ። ጆሯቸውን ደፍነው ኮንሰርት በሚገቡ ሰዎች ሲያላግጥ የኖረው ጎማ! ራሱ አድርጎ አሳየኝ። እትዬም አደረገች። ዝሆንም አደረገ። እኔ ኪሴ ከተትኩት። እንዲያውም አልሰማ ብሎኝ ጭራሽ ልድፈነው?

ይችን የመጨረሻዋን መስመር ልሰርዛት ነበር። ትቆይ።

ማክሰኞ 27

ዛሬ የሆነውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ጠዋት አንድ ሽማግሌ ደወሉ። ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል የሚያደርሳቸው መኪና ነው የፈለጉት። ድምፃቸው ደከም ያለ ነው። የቤት ቁጥር ሠላሳ አራት አሉ። እኔ ስልሳ አራት ብዬ ጻፍኩ። መኪናው ስልሳ አራት ቁጥር በር ላይ ጥሩምባ ሲነፋ፣ እሳቸው ሠላሳ አራት ቁጥር ደጃፍ ላይ ዣንጥላ ይዘው ቆመው ነበር። መልሰው ሲደውሉ ያነሳችው ባልደረባዬ ናት። ሌላ መኪና ላከችላቸው። ተራቸው ግን አልፏል። እግራቸው አብጦ፣ ልብሳቸው ረጥቦ፣ ከሰዓት በኋላ ድረስ ሆስፒታል ወንበር ላይ ጠበቁ። ሾፌሩ ሲመለስ የነገረን ነው።

አለቃችን «ማን ነው የተቀበለው?» ሲል ባልደረባዬ «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለች። ሁለት ልጆች ታሳድጋለች፤ ሥራዋን የምታጣበት ምክንያት የላትም። እኔ እዚያው አጠገቧ ቁጭ ብዬ ዝም አልኩ።

ሠላሳ። ስልሳ። መስታወት ፊት ቆሜ ደጋግሜ አልኳቸው። አፌ ላይ ይለያያሉ። በሠላሳ አፌ ይከፈታል፣ በስልሳ ጥርሴ ይገጥማል።

ሐሙስ 29

በሻይ ሰዓት ባልደረባዬ ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ።

«እትአለም፣ ጆሮሽን ታየሽው?»

እንደ ታላቅ እህት እትአለም ስትለኝ ልታባብለኝ ነው። «ማዳመጫው ነው አልኩሽ እኮ» አልኳት።

«ማዳመጫሽን ትናንት እኔ ነኝ የሠራሁበት። ምንም የለውም።»

ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ግን ሰማኋት። አፏን እያየሁ ስለነበር ነው መሰለኝ።

ከደረጃው ቀጥታ አለቃችን ዘንድ ሄጄ የማክሰኞው ስሕተት የኔ መሆኑን ነገርኩት። ፊቱን አላጠቆረም። «እንግዲያው የሚመጡልሽን ስልኮች እከታተላለሁ። ሁሉም እንደሚቀዳ ታውቂያለሽ» አለ። እሺ አልኩ። ነገ ሐኪም ቤት ደውዬ ቀጠሮ እይዛለሁ። ወይም እማዬ ትደውልልኛለች።

ሰኞ 3

ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብተው «ድምፅ በሰማሽ ቁጥር ቁልፉን ተጫኚ» አሉኝ። ተጫንኩ። ያልሰማሁትንም የሰማሁ መስሎኝ ተጫንኩ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ባለሙያ በትዕግሥት ታየኛለች። ወዲያው ገባኝ፤ ምንም ሳይላክልኝ እየተጫንኩ ነበር።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር አሳየኝ። «የግራው አብዛኛው ሄዷል። አይመለስም። ቀኙ ግን ከተጠነቀቅሽለት አብሮሽ ይቆያል። የመስሚያ መሣሪያ እናዝዝልሻለን። ቤተሰብ ውስጥ ያለ ነው?»

አባቴ፣ አልኩት።

«በዘር የመጣ ነው። ኃይለኛ ድምፅ ደግሞ ያፋጥነዋል። የሥራ ቦታሽ ጩኸት አለው?»

«የለውም» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ የጠየቀኝ ስለ ሥራ ቦታዬ ነው። ስወጣ ግን በር ላይ ተመለስኩና ስለ ቅዳሜዎቹ ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። «ድምፅ ማጉያው ሥር? ዘጠኝ ዓመት? ከዚያ ቦታ ራቂ» አለኝ።

አባዬ ማዕድ ላይ ሰው ሁሉ ሲስቅ ትንሽ ዘግይቶ ይስቅ ነበር። እኛ ደግሞ በዘገየበት እንስቅበት ነበር። ባለፈው ጎማ ሲቀልድ እኔም ዘግይቼ ሳቅሁ። ማንም አልሳቀብኝም።

ቅዳሜ 8

አልሄድኩም። አራታችን በስልክ መልእክት የምንለዋወጥበት ቡድን አለን፤ «ሥራ በዛብኝ» ብዬ ጻፍኩ። እትዬ «ቦታሽ ይጠበቃል» ብላ መለሰች። ጎማ የአጥሩን ፎቶ ላከ፤ መሐል ላይ የኔን ክፍተት ትተውልኛል። ዝሆን ምንም አልጻፈም። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚጽፈው እሱ ነው።

እማዬ «የማታውቂያቸው ሰዎች ጋ አትሄጂም?» አለችኝ። ደከመኝ አልኳት። ልብስ አጠብኩ፤ በዝናብ። አሁን የአዳራሹ መብራት ጠፋ፣ አሁን ባንዱ ወጣ፣ አሁን ጎማ መንጠር ጀመረ እያልኩ።

እስቲ ልጠይቅ፤ የማይሰማ ሰው ኮንሰርት ምን ይሠራል? እነዚህ ሰዎች የሚያውቁኝ በዘፈን ነው። ስሜን አያውቁም፣ ቤቴን አያውቁም። ዘፈኑ ሲነሳ ምን ይቀራል?

ሐሙስ 13፣ ማታ

አለቃችን ቢሮው ጠርቶኝ በሩን ዘጋ። ኮምፒዩተሩ ላይ ትልቅ ድምፅ ማጉያ አገናኝቷል። ለኔ ብሎ መሆኑ ቆይቶ ነው የገባኝ። «ያለፈው ሳምንት ስልክ ነው። አንዱን ላሰማሽ» አለ።

መጀመሪያ የኔ ድምፅ መጣ፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ ታክሲ የት እንላክልዎ?»

ከዚያ የወንድ ድምፅ። ሰፈሩን መናገር ጀመረና ቆመ። «ቆይ ቆይ... ፊሽካ? ፊሽካ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?»

የኔ ድምፅ፦ «ጌታዬ፣ የቤት ቁጥርዎን ይድገሙልኝ።»

«ዝሆን ነኝ እኮ! ዝሆን!» እየሳቀ ነው።

«አልሰማሁዎትም ጌታዬ። ቁጥሩን ብቻ ይንገሩኝ።»

ሳቁ ቆመ። ከዚያ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ቁጥሩን ተናገረ፣ አመሰገነ፣ ዘጋ።

አለቃችን «የምታውቂው ሰው ነው?» አለኝ።

ያንን ስልክ አላስታውሰውም። ከሌላው ስልክ ሁሉ የሚለይበት ነገር አልነበረውም። ዝሆን እኮ ሲዘፍን ከድምፅ ማጉያው በላይ የሚሰማኝ ሰው ነው! ወይ ደግሞ ነበር። የሰው ድምፅ ከእጄ ሲወጣ አላየሁትም። ቀስ ብሎ ነው የሄደው፤ እኔ ማዳመጫ ሳስቀይር።

«ማዳመጫው አይደለም» አልኩት አለቃዬን። «ጆሮዬ ነው። ሐኪም አይቶኛል።»

ራሱን ነቀነቀ። «ከስልክ ላነሳሽ ነው። አትቀየሚኝ።»

«ካላነሳኸኝ ነው የምቀየምህ። እኒያ ሽማግሌ ቢሞቱስ ኖሮ?»

ይህን ስል ነው እንባዬ የመጣው። መሐረብ ፈልጎ አጥቶ የጠረጴዛ መወልወያ ጨርቅ ሰጠኝ። አዲስ ነው አለኝ። አዲስ አልነበረም።

አሁን የማስበው ስለ ዝሆን ነው። «ጌታዬ» ስለው ምን ብሎ ይሆን? ድምፄን እያወቀች ካደችኝ ብሎ ይሆን?

ዓርብ 14

ለእማዬ ነገርኳት። ድስቱን እያማሰለች «አውቃለሁ» አለች። «ከአባትሽ ጋር ስንት ዘመን ኖርኩ? ምልክቱ አይጠፋኝም።»

«ታዲያ ለምን ትቆጪኛለሽ?»

«ምን ላድርግ? ፈራሁ» አለች። ከዚያ ከግራዬ ተነስታ በቀኜ ዞረች።

ለቡድኑም ጻፍኩ። «ሥራ አልበዛብኝም። የግራ ጆሮዬ ሄዷል፣ ቀኙም እየተከተለው ነው። ከድምፅ ማጉያው ራቂ ተብያለሁ። ዝሆን፣ ያን ቀን ስልክ ላይ አላወቅሁህም፤ ይቅር በለኝ። ቦታዬን ለሌላ ሰው ስጡት።» ላክሁትና ስልኩን ትራስ ሥር ከተትኩ።

ሳወጣው የእትዬ መልስ ደርሷል። «ማክሰኞ ሦስታችሁም እኔ ቤት ኑ።» ከሥሩ አድራሻ። ሌላ ቃል የለም።

ሰኞ 17

አዲሱ ጠረጴዛዬ በስልክ ጽሑፍ የሚመጣው ትዕዛዝ የሚታይበት ነው። ዙሪያዬ ያሉት በሙሉ ልጆች ናቸው፤ ጣታቸው ይበራል። እኔ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ነው። ግን እዚህ ሠላሳ ሠላሳ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ተጽፎ ይታያል።

ከሥራ ስወጣ ሠላሳ አራት ቁጥር ሄድኩ። ሽማግሌው ራሳቸው ከፈቱልኝ።

«ዝናብ ላይ ያቆምኩዎት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «በይ ግቢ፤ አንቺም ረጥበሻል» አሉ።

ይቅርታዬን ሳልጨርስ ስለ ሴት ልጃቸው ያወሩልኝ ጀመር። ግማሹ አመለጠኝ። ፈገግ ብዬ ላልፈው ነበር። ከዚያ «አባቴ፣ ይድገሙልኝ፤ ጆሮዬ አይሰማም» አልኳቸው። ለማላውቀው ሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ደገሙልኝ። ልጃቸው ከባሏ ጋር ስለተጣላችበት ሶፋ ነው። ረጅም ወሬ ነው፤ ሁሉንም ሰማሁት።

ማክሰኞ 18

እንደተመለስኩ ነው የምጽፈው፤ ምንም እንዳያመልጠኝ።

የእትዬ ሳሎን ግድግዳው ሙሉ የሕፃናት ፎቶ ነው። የልጅ ልጆቿ መስለውኝ ነበር። ያዋለደቻቸው ናቸው፤ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ጎማ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጉልበቱን ገጥሞ ተቀምጧል። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነው። «ቀኑን ሙሉ ልጆችን ዝም በሉ ስል ነው የምውለው» አለ። ዝሆን ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ሶፋው ላይ ሲቀመጥ እትዬ በሌላው ጫፍ ብድግ አለች።

ሙዚቃ በሌለበት ተያይተን አናውቅም። ጎማ ጣሪያውን ያያል። ዝሆን የከረሜላውን ሳህን ያዞራል።

ዝሆንን «ይቅርታ» አልኩት።

«የምን ይቅርታ?» አለ፣ ፊት ለፊቴ ሆኖ። «ጌታዬ ስትዪኝ ‹ሥራ ላይ ናት፤ አለቃዋ ቆሞባታል› ብዬ ነው የዘጋሁት። ከዚያ ደግሞ ታፍሪብኝ ይሆናል ብዬ መጻፍ ፈራሁ።»

«ጆሮዬ እንደደከመ ግን ታውቁ ነበር።»

እርስ በርስ ተያዩ። «ከአምና ጀምሮ» አለች እትዬ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» ጮህኩ መሰለኝ፤ ጎማ በልማዱ ጣቱን ወደ ከንፈሩ ሊያነሳ ብሎ ተወው። «ስታደርጉት የነበረውን ሁሉ አሁን ነው ያየሁት። ስፖንጁን፣ በቀኜ መቆሙን። እንደ ሕፃን ነው የያዛችሁኝ!»

እትዬ አልተቆጣችም። «ዕድሜዬን ሙሉ ሴት አዋልጃለሁ» አለች። «ሴትዮዋ ሳይደርስባት ግፊ አልላትም። አጠገቧ እቀመጣለሁ እንጂ።»

ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ከቅዳሜ ጀምሮ ፎቁ ላይ ነን። ወንበር አለው፣ ከድምፅ ማጉያውም ሩቅ ነው። ስፖንጅሽን ታደርጊያለሽ።»

«አይሆንም። ዘጠኝ ዓመት የያዛችሁትን ቦታ በኔ ምክንያት አትለቁም።»

ዝሆን ጉሮሮውን ጠረገ። «እውነቱን ልንገርሽ? ጉልበቴ ካለቀ ቆይቷል። ዕድሜ ልኬን ተንበርክኬ ነው የሠራሁት። ስልክ የደወልኩ ቀን መራመድ አቅቶኝ ነው። እነዚህ ሰዎች ቅር ይላቸዋል ብዬ እኮ ነው የምቆመው።»

«እኔ ደግሞ» አለች እትዬ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልጠጣም። ከአጥሩ ወጥቶ ሽንት ቤት መሄድና መመለስ በዚህ ዕድሜ ይቻላል? ጥማት ሊገድለኝ ነው።»

ሁላችንም ወደ ጎማ ዞርን።

«እኔ ምንም የለብኝም» አለ አፍሮ። «ፎቅ ላይ መንጠር ይፈቀዳል?»

መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ዝሆን፤ ሶፋው ከነሱ ጋር ተንቀጠቀጠ። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ሁላችንም ለሌላው ብለን ቆመን ነበር እኮ!

ስወጣ እትዬ በር ላይ «ስምሽ ማን ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ደገመችው። «ጥሩ ስም ነው። ፊሽካ ይሻላል» አለች።

ቅዳሜ 22

ፎቁ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣሁ። ከላይ ሲታይ ሕዝቡ ሌላ ነው፤ ጭንቅላት ብቻ። አጥሩን በዓይኔ ፈለግሁት። ቦታችን ተይዟል። ሁለት ልጃገረዶችና አንድ መነጽር ያደረገ ሰው፤ አይተዋወቁም መሰለኝ፤ ክርናቸውን ሰብስበው ነው የቆሙት። ትንሽ ቅር አለኝ። ዝሆን እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ፣ እትዬ አንድ ጠርሙስ ውሃ ጨረሰች፣ ጎማ የወንበሩን ጥንካሬ በእጁ ሞከረ። እትዬ በቀኜ ነበረች።

ስፖንጁን አደረግሁ። ቃሉ ሁሉ ጠፋ። የቀረኝ ከወለሉ ወደ ጫማዬ የሚወጣው ድምፅ ነው። ጥቂት ዘፈን እንዲሁ አለፈ። የመድረኩን መብራት እያየሁ ተቀመጥኩ። መምጣቴ ልክ መሆኑን እርግጠኛ አልነበርኩም።

ከዚያ አንድ ከበሮ ጀመረ፤ ደረቴ ላይ አወቅሁት። ያ የምወደው፣ ቀስ ብሎ የሚነሳው ዘፈን ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ። ዝሆን ከኋላ ተቀበለኝ፤ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። እትዬ ተከተለች። ጎማ ተነስቶ መንጠር ጀመረ፤ ወለሉ ይርገበገባል። የመጀመሪያውን ስንኝ፣ አዝማቹን፣ ሁለተኛውን ስንኝ፤ ጉሮሮዬ እስኪነቃ።

ዓይኔን ስገልጥ ታች ያለው ሕዝብ ከዘፈኑ ባላሰብኩት ቦታ ላይ እጁን አነሳ። ዘፋኙን አየሁት። ማይክሮፎኑን ትቶ ፎጣ አንገቱ ላይ አድርጎ ውሃ እየጠጣ ነው፤ ጊታሩ ብቻውን ይጫወታል። እኛ ግን እየዘፈንን ነው። ፊት ያሉት ሰዎች በሙሉ ዞረው ያዩናል።

ዘፈኑ ሌላ ነው።

አቆምኩ። እነሱ አላቆሙም። ሦስቱም አፋቸውን ከፍተው፣ ባንዱ የማይጫወተውን ዘፈን እየዘፈኑ ነው።

ስፖንጁን አውጥቼ ወደ እትዬ ተጠጋሁ። «ሌላ ዘፈን ነው እኮ የሚጫወቱት!»

«አውቃለሁ» አለች በቀኝ ጆሮዬ።

«ታዲያ ለምን አላቆማችሁም?»

«አንቺ ይኼን ጀመርሽ» አለች። «በይ አሁን ቀጥይ፤ አዝማቹ ሊያመልጠን ነው።»

ፊት ያለው ሰውዬ አሁንም ዞሮ ያየናል። ቀጠልኩ።